«ጣርማ በር ላይ ሰው ትገድላለህ» አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ቀን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ላለፉት 2 ዓመታት አንድ የቦርድ ጌም ስሠራ ቆይቻለሁ። ጨዋታው የነጋዴ ጉዞ ነው። ተጫዋቹ ከደብረ ብርሃን በግ፣ ገብስና ሱፍ ይዞ ይነሣል። በጉዶ በረት፣ ጉም በማይለየው የጣርማ በር ተራራና በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። እዚያ ሸጦ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማሽላ ገዝቶ ይመለሳል። 3 ጊዜ ደርሶ መልስ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ሰሌዳውን በከለር አትሜ ላሚኔት አድርጌዋለሁ። ጓደኞቼ በጣም ነው የወደዱት። «ገበያ ላይ ይውጣ» ብለው የገፋፉኝም እነሱ ናቸው። 100 ቅጂ ለማሳተም 30,000 ብር አጠራቅሜያለሁ።

በቅርቡ አንድ ጋሼ መጡ። ብዙ ዓመት ውጭ አገር ጨዋታ በመንደፍ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። እናታቸውን ሊጠይቁ መጥተው አንድ ዘመዴ አገናኘኝ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ከ2 ጓደኞቼ ጋር ተጫወቱት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስቆሙን። «ይሄ ጨዋታ አይደለም። ዳይሱ ነው የሚጫወተው፣ እናንተ ታያላችሁ» አሉ። «ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሰው ትገድላለህ» አሉ። ደንቡን አገላብጠው «ይሄን አንብቤ እስክጨርስ በጉ ይሞታል» ሲሉ ጓደኞቼ ሳቁ። በመጨረሻ «ለዚህ ሥራ ትዕግሥት ያለህ አይመስለኝም» አሉኝ። ፊቴ ጋየ። ስንለያይ ግን «ሦስተኛውን ስትሠራ ደውልልኝ» ብለው ስልካቸውን ጽፈው ሰጡኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሌዳውን ከአልጋዬ ሥር አላወጣሁትም። እህቴ «ቀንተውብህ ነው» ትለኛለች። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ክፈል እያለ ነው። የጨዋታውን ደንብና የሰሌዳውን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ላሳትመው? ልተወው? ወይስ ልደውልላቸው?

ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው ሰውዬው ላይ ተናደድኩ። የሰው ልጅ 2 ዓመት የለፋበትን ነገር በሻይ ቤት፣ በጓደኞቹ ፊት እንዲህ ይባላል? ከዚያ ያያዝከውን ደንብ አነበብኩት። 9 ገጽ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሰውዬው ትንሽ ገቡኝ።

ጨዋታ ነዳፊ አይደለሁም። ስለዚህ በወሬ ከምፈርድ ብዬ እሑድ ከሰዓት ቤት ውስጥ ተጫወትነው። እኔ፣ ልጄ፣ የእህቴ ልጅና ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤታችን። በጉን በባቄላ፣ ገብሱን በገብስ ቆሎ ተካነው (ቆሎው እየተበላ አስቸገረ)። ተጫዋቾቹን በለስላሳ ቆርኪ ወከልናቸው። ሰሌዳህ ያምራል። የጣርማ በርን ጉም በግራጫ ያቀለምክበት መንገድ ልቤን ነካው፤ ያንን መንገድ በጠዋት በሚኒባስ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ልጄም ዕቃ ሲጭን «በግ ልውሰድ ወይስ ሱፍ?» ብሎ ሲያስብ ደስ ብሎት ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን ጣርማ በር ላይ ቀረች። ደንብህ ጉሙን ለማለፍ በ2 ዳይስ 11 ወይም 12 መጣል አለባት ይላል። ጣለች፣ 6። ተራዋ ዞሮ ደረሰ፣ ጣለች፣ 8። እንደገና፣ 5። በአራተኛው ሳቀች። በስድስተኛው ዳይሱን እፍ ብላ ጣለችው። በሰባተኛው ስልኳን አወጣች። ከዚያ በኋላ ተራዋ ሲደርስ ልጄ ነበር የሚጠራት። በዘጠነኛውም አላለፈችም። ልጄ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዙሩን ጨርሶ ነበር።

ስንጨርስ «እንዴት ነበር?» አልኳት። «አሪፍ ነው» አለችኝ።

እዚህ ጋ ቆም በል ወንድሜ። «አሪፍ ነው» ያለችው አፏ ነው። እጇ ስልክ ላይ ነበር። ጓደኞችህ «በጣም ወደድነው» ሲሉህ እጃቸው የት እንደነበር ታስታውሳለህ? እኛ አገር ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ አልጣመኝም የሚል አለ እንዴ? «እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ከዚያ ሁለተኛ አይጎርስም። ባለሙያ የቤት እመቤት የምታዳምጠው ምርቃቱን ሳይሆን የምታየው ትሪውን ነው። ጓደኞችህ ዋሽተውሃል ማለቴ አይደለም። ስለሚወዱህ ጨዋታህን ወደዱልህ። ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጎረቤት አብሮ የሚኖረው በእሱ ነው። ለሥራህ ግን አይጠቅምህም።

አክስቴን ላንሣልህ። መንዝ ነው ያደገችው። ልጅ ሆኜ ክረምት እሷ ጋ ስሄድ ሱፍ መፍተል ልታስተምረኝ ሞከረች። እንዝርቱን አሽከርክሬ የፈተልኩትን ክር ይዤ እሄዳለሁ። ትቀበለኝና በሁለት እጇ ሳብ ታደርገዋለች። ጧ! ይበጠሳል። ምንም ሳትናገር መልሳ ትሰጠኛለች። አንድ ቀን አልቅሼ «ምናለ በርቺ ብትይኝ?» አልኳት። «እኔ ባልበጥሰው ሸማኔው ጋ ይበጠስ ነበር» አለችኝ። ያን ጊዜ ጠልቻት ነበር፤ አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ክሩ የተበጠሰው ሁልጊዜ ቀጭኑ ቦታ ላይ ነበር። የበጠሰችበትን ቦታ ማየት የጀመርኩ ዕለት እጄ ተስተካከለ።

ሰውዬው ያሉህ 4 ነገር ነው። አንድ ላይ ስለወረደብህ አንድ ዱላ መሰለህ። እስቲ እንለያየው።

የጣርማ በሩ ትክክል ነው። ከልጄ ጋር በወረቀት አሰላነው። ሁለት ዳይስ ሲጣል 36 ዓይነት አወጣጥ አለው። 11 የሚመጣው በ2 መንገድ፣ 12 በ1 መንገድ ብቻ ነው። ከ36 ሦስቱ ማለት ነው፤ ከ12 ጊዜ አንዴ። 10 ጊዜ እየጣሉ ከሚሞክሩ 10 ሰዎች 4ቱ ያህል ገና ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። ሰባት ብትል ኖሮ በ6 መንገድ ይመጣል። አንተ ስትሞክረው ቶሎ አልፈህ ይሆናል፣ ወይ ጓደኞችህ «እለፍ በቃ» ብለው አሳልፈውህ ይሆናል። እንዲህ አድርጋችኋል?

ጉሙን አጥፋው አልልህም። ጉም የሌለው ጣርማ በር ምኑ ጣርማ በር ነው! ግን ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር ስጠው። አንድ ገብስ ከፍሎ መንገድ መሪ ይቅጠር። ወይም አንድ ተራ ጠብቆ በሰላም ይለፍ፤ የቸኮለ ደግሞ ዳይስ ጥሎ ዕቃውን ለአደጋ ያጋልጥ። ዋሻውም አለልህ እኮ፤ ጣሊያን የቆፈረው። ቀረጥ አስከፍልበት።

«ዳይሱ ነው የሚጫወተው» ያሉትም ያው ነገር ነው፣ ሰፋ ብሎ። ልጄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወሰነ ቆጠርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚጭን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ምን እንደሚገዛ። በቃ። የቀረው መጣል፣ መቁጠር፣ መግፋት ነው። ገበጣን አስበው። ዳይስ የለውም። ተራህ በደረሰ ቁጥር ከየትኛው ጉድጓድ እንደምታነሣ አንተ ነህ የምትመርጠው፤ በመረጥከው ትጠቀማለህ ወይም ታፍራለህ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ የምትጠልቅባቸው ለዚህ ነው።

ተራ መጠበቁም አለ። ሰውዬው አላነሡትም፤ እኔ ግን አሰልችቶኛል። ሦስት ሰው እስኪጥል ቡናዬን አፈላሁ። የድሮው የኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ የሚባለው፣ ሲጀመር ተራ እንዳልነበረው ታውቃለህ? ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ወረራ ይሉታል። ተራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጭነት ሲጫን ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢጭን ምን ይሆናል? እንዲሁ ጠየቅኩህ፤ አንተ ታውቃለህ።

ስለ ደንቡ ርዝመት ብዙ አልልም፤ ራስህም ታውቀዋለህ። የመጀመሪያዎቹ 2 ገጾች አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን አይተው ከተማዋን እንዴት እንደቆረቆሩ ይተርካሉ። ያምራል፤ ጎረቤታችን ጮክ ብሎ አነበበልን። ግን ቆርኪ ይዞ የተቀመጠ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ስንት በግ እንደሚወስድ ነው። ታሪኩን ካርቶኑ ጀርባ ላይ አድርገው። የቀረውን 2 ገጽ ማድረግ ትችላለህ።

አራተኛው ቃል ይቀረናል። «ትዕግሥት ያለህ አይመስለኝም» ያሉት። ይሄ ስለ ጨዋታው አይደለም፣ ስለ አንተ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ደግሞ የሰው ትዕግሥት አይታወቅም። ከሥራ መልስ ማታ ማታ 2 ዓመት የሠራን ልጅ ትዕግሥት የለህም ማለት ስህተት ነው። ሦስቱን ውሰድ፣ ይሄኛውን እዚያው ሻይ ቤት ተውላቸው። በጓደኞችህ ፊት መሆኑም ልክ አልነበረም። የሚያውቅ ሰው የሚናገረው ሁሉ እውቀት አይደለም።

ቀንተው ነው ወይ? እህትህ ስለምትወድህ ነው እንዲህ ያለችህ። እኔ ግን አይመስለኝም። የቀና ሰው «ጥሩ ነው፣ አሳትመው» ብሎ 30,000 ብርህን ሲያስበላህ ያያል። እኚህ ሰው የት እንደሚበጠስ አሳዩህ። ደግሞም «ሦስተኛውን ስትሠራ ደውል» ያሉትን አንብበው። ተስፋ የቆረጡብህ ቢሆን ስልካቸውን ምን ይሰጡሃል? ሁለተኛውም እንደማይሆን፣ እንደምትሠራው ግን አምነዋል። ምናልባት የሳቸው የማበረታቻ ቋንቋ ይሄ ነው። ዓመታት ውጭ የኖረ ሰው ሰሙን ረስቶ ወርቁን ብቻ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቀብዱን አትክፈል። ለማተሚያ ቤቱ «ገና አልተጠናቀቀም» በላቸው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ምናልባት ትንሽ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ይለፍላቸው። 100 ካርቶን ጉም ከአልጋህ ሥር ይዘህ ከምትተኛ ይሻላል።

ከደብዳቤህ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ነገር የቱ መሰለህ? ላሚኔቱ። ሥራህ ቦታ ማሽኑ እጅህ ላይ ስላለ ነው፣ ይገባኛል። ግን ላሚኔት የተደረገ ነገር አይጻፍበትም፣ አይሰረዝም። ሰውም ሲያየው ያለቀ ዕቃ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ያመሰግንሃል እንጂ አያርምህም። አንተም ብትሆን እሱን መቅደድ ያሳሳሃል። ሁለተኛውን ተራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሥራው። ያስጠላ። በየቀኑ የምትጥለው ወረቀት ጀርባው ባዶ አይደል?

ከዚያ የማያውቁህን ሰዎች ፈልግ። ሱቃችሁ ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ተሰልፈው የሚጠብቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አይጠፉም። 3 ወይም 4 ሆነው እንዲጫወቱልህ ሻይ ጋብዛቸው። ደንቡን ስጣቸውና ዝም በል። ይሄ ከሁሉም ይከብድሃል። ሲሳሳቱ «አይ እንዲህ ነው» ልትል አፍህ ይበላሃል። አትበል። ጨዋታው ገበያ ሲወጣ ካርቶኑ ውስጥ ገብተህ አታብራራም። አንድ ደብተር ያዝና የት ጋ ደንቡን ደግመው እንዳነበቡ፣ የት ጋ እንደሳቁ፣ ማን መቼ ስልኩን እንዳወጣ ጻፍ። ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብለህ አትጠይቅ፤ መልሱን ታውቀዋለህ። «የቱ ጋ ሰለቻችሁ? ምን ማድረግ ፈልጋችሁ ደንቡ ከለከላችሁ?» በላቸው። ለዚህ ይሉኝታ ብዙ አይመጣም።

ስትቀይር አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ዛሬ ጉሙን፣ ሌላ ቀን ጭነቱን። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርክ የቱ እንዳሻሻለው፣ የቱ እንዳበላሸው አታውቅም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለብቻህ ሆነህ አስብበት። ሞኖፖሊ ስንጫወት አንዱ ሁሉን ጠቅልሎ ሌላው ሲመረር ታያለህ። የዚያ ጨዋታ መነሻ ኤልዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1904 ነው «የባለርስቱ ጨዋታ» ለተባለው ሥራዋ የፈጠራ መብት ያገኘችው። መሬት በጥቂቶች እጅ ሲገባ የቀረው ሰው እንዴት እንደሚደኸይ ልታሳይ ነው የሠራችው። ምሬቱ የተሠራው አውቃ ነው። የእህቴ ልጅ ጣርማ በር ላይ የተሰማት ነገር አንተ አውቀህ ያስገባኸው ነው? ተጫዋችህ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ምን እንዲሰማው ነበር የፈለግከው? የቆላው ሙቀት? የትርፍ ደስታ? በጉን በሰላም ማድረሱ? በ9ኙ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ አንተ ጋ ግን ያለ ይመስለኛል። አለበለዚያ ያን ጉም እንደዚያ አታቀልመውም ነበር።

መደወሉን በተመለከተ፣ ደውል። ግን ዛሬ አይደለም፤ ሁለተኛውን ሠርተህ፣ እንግዶች አጫውተህ፣ ደብተርህን ሞልተህ። ሦስተኛውን ጠብቅ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ደውልላቸው። ስትደውል ስለ ስሜትህም ባጭሩ ንገራቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ስለነገሩኝ ከፍቶኝ ነበር። ስለ ጣርማ በር ያሉኝ ግን ልክ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ» በላቸው። ይሄን ስትል ድምፅህ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። ደህና ሰው ከሆኑ ይገባቸዋል። እንደገና ስለ አንተ ማንነት መናገር ከጀመሩ ደግሞ አመስግነህ ሻይህን ጨርሰህ ተነሥ፤ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስትገናኙ ብቻህን ሂድ። «እንዴት ነው?» ብለህም አትጠይቃቸው። «ሁለተኛው ዙር ላይ ይጎተታል፣ ለምን ይመስልዎታል?» ብለህ ጠይቃቸው። ጥያቄህ ጠባብ ከሆነ መልሳቸውም የሚያዝ ይሆናል።

መቼ ልጀምር ካልከኝ፣ መጀመሪያ ሰሌዳውን ከአልጋህ ሥር አውጣው። አቧራውን ጥረግና ግድግዳ ላይ ስቀለው። የመጀመሪያው ሥራህ ነው፣ አያሳፍርም። ከዚያ እርሳስ።

ሁለተኛው ሲደርስ ደንቡን በዚህ ዓምድ አድራሻ ላክልን። ባቄላው ከኛ። ሰሌዳውን ካበቃን በኋላም አላነሣነውም፣ እስካሁን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ቆርኪ ጣርማ በር ላይ እንደቆመ ነው። ትናንት መጥታ አየችውና «ይሄ ልጅ መንገዱን ከፈተልኝ እንዴ?» አለችኝ።